የዘንዶ አማልክትና መኖሪያቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በሚባለው፣ ተጫዋቾች ዳይስ እየጣሉ አብረው ታሪክ በሚፈጥሩበት የጠረጴዛ ጨዋታ፣ የዘንዶ አማልክት ስም ሲነሳ ክርክር አይጠፋም። አንዱ «ቲያማት ሲኦል ውስጥ ታስራለች» ይላል። ሌላው «ኧረ የራሷ ግዛት አላት» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም መጽሐፍ ገልጠው ማሳየት ይችላሉ። ጨዋታው ከ1974 ጀምሮ እየታተመ ነው፤ ታሪኩም በየእትሙ ሲከለስ ኖሯል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ ገጽ ላይ ከአማልክቱ ጉልበት ይልቅ አድራሻቸው ላይ አተኩራለሁ። አንድ አምላክ የት እንደሚኖር ካወቃችሁ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያቅተው አብራችሁ ታውቃላችሁ።

ዋናዎቹ የዘንዶ አማልክት እነማን ናቸው?

ባሃሙትና ቲያማት። ሁለቱን ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ባሃሙት የፕላቲነም ዘንዶ ነው። የወርቅ፣ የብር፣ የነሐስ፣ የመዳብና የናስ ዘንዶዎች አለቃቸው አድርገው ያዩታል። ፍትሕና ደካማን መጠበቅ የእሱ ጉዳዮች ናቸው። ቲያማት ደግሞ የክፉዎቹ ንግሥት ናት። አምስት ራስ አላት፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ። እያንዳንዱ ራስ የራሱን ይተፋል። ነጩ ውርጭ፣ ጥቁሩ አሲድ፣ አረንጓዴው መርዝ፣ ሰማያዊው መብረቅ፣ ቀዩ እሳት። ስስትና በቀል ደሟ ውስጥ ነው።

ሁለቱም መጀመሪያ ብቅ ያሉት በ1975 በወጣው የግሬይሆክ ተጨማሪ መጽሐፍ ላይ ነው። ያኔ ስም አልነበራቸውም። የዘንዶዎች ንጉሥና የዘንዶዎች ንግሥት ብቻ ነበሩ። ዛሬ የምናውቀውን ስም ያገኙት በ1977ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ነው።

ሦስተኛው ትልቅ ስም አዮ ነው፤ የዘንዶዎች ሁሉ ፈጣሪ። ስለ እሱ ወደ በኋላ እንመለሳለን፤ ታሪኩ ትንሽ ደም አለበት።

«ፕሌን» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከሰዎች ዓለም ውጭ ያለ ሌላ ዓለም ማለት ነው። ሩቅ ፕላኔት አይደለም። በእግር ተጉዛችሁ፣ በመርከብ ቀዝፋችሁ አትደርሱበትም። በር ወይም ድግምት ያስፈልጋል።

በብዙዎቹ እትሞች አማልክት የሚኖሩባቸው ዓለሞች «ታላቁ መንኮራኩር» በሚባል ሥርዓት ተደርድረዋል። 16 ዓለሞች ዙሪያውን ይይዛሉ፤ አውትላንድስ የሚባለው ገለልተኛ ምድር መሃል ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ዓለም የአንድ ሥነ ምግባራዊ አቋም አገር ነው። ሕግ አክባሪ ደግነት አንድ ቦታ አለው። ሥርዓት አልባ ክፋትም ሌላ ቦታ አለው። ብዙዎቹ ደግሞ በውስጣቸው እርከኖች አሏቸው፦ የሴለስቲያ ተራራ ሰባት፣ ዘጠኙ ሲኦሎች እንደ ስማቸው ዘጠኝ።

አምላክ ባሕርዩን በሚመስል ዓለም ውስጥ ይኖራል። ለዚህ ነው አድራሻ ብዙ ነገር የሚናገረው።

ቲያማት አምላክ ከሆነች ሲኦል ውስጥ ምን ትሠራለች?

ይሄ በብዛት የሚጠየቀው ነው። መልሱ በየትኛው እትም እንደምትጫወቱ ይወሰናል።

በ1977 ነገሩ ቀላል ነበር። ቲያማት የዘጠኙ ሲኦሎች የመጀመሪያ እርከን ገዢ ነበረች። የእርከኑ ስም አቬርነስ ነው። ድንጋያማና የተቃጠለ ምድረ በዳ ነው። የእሳት ኳሶች ከሰማዩ ይወርዳሉ። ማስታወስን የሚነጥቀው የስቲክስ ወንዝም በዚያ ያልፋል። በኋላ በወጡ መጻሕፍት የእርከኑ ሥልጣን ወደ ዲያብሎሶች አለቆች ዞረ። መጀመሪያ ቤል የሚባል ጄኔራል ያዘው። በ5ኛው እትም ደግሞ ዛሪየል የምትባል ከሰማይ የወደቀች መልአክ ትገዛዋለች። ቲያማት ከቦታዋ አልተነሳችም፤ ግን ገዢነቷ ቀርቶ እስረኛ ሆነች። በራሷ ፈቃድ መውጣት አትችልም። የሁሉም የበላይ የሆነው አስሞዲየስ ዘጠነኛው እርከን ነሱስ ላይ ተቀምጦ ይቆጣጠራል።

«ታዲያ ለምን አጋንንቱ ከሚኖሩበት ከአቢስ አልሆነችም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ቲያማት ክፉ ናት፤ ግን ሕግ ያላት ክፉ ናት። ማዕረግ ታውቃለች፣ ውል ትዋዋላለች። አቢስ ዝም ብሎ የሚያጠፋ ነው። ሲኦሎቹ ግን በፊርማና በወረፋ ነው የሚሠሩት።

የውሏን ነገር ለማየት ጊትያንኪዎችን ተመልከቱ። በአስትራል ዓለም የሚኖሩ ተዋጊ ሕዝብ ናቸው። ከባርነት ነፃ ያወጣቻቸው ጊት የምትባል መሪ ወደ ሲኦል ወርዳ ከቲያማት ጋር ተስማማች ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቀይ ዘንዶዎች ለጊትያንኪዎች ያገለግላሉ። ጊት ራሷ ግን ከሄደችበት አልተመለሰችም። እንደ እኔ በመላው የቲያማት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የካምፔይን (ለብዙ ምሽቶች የሚቀጥል ጨዋታ) ፍሬ የለም። ምን ከፈለች? አሁንስ የት ናት? ለዲኤሙ (ጨዋታውን ለሚመራው ሰው) ክፍት ነው።

በግዛቷ አቢሻይ የሚባሉ ዲያብሎሶች ያገለግሏታል። እነሱም እንደ ራሶቿ በአምስት ቀለም ይመጣሉ።

ንግሥት ትሁን ወይስ እስረኛ? እኔ እስረኛዋን እመርጣለሁ። ዙፋን ላይ የተመቻቸች ንግሥት ወደ ተጫዋቾቹ ዓለም የምትመጣበት ምክንያት የላትም። እስረኛ ግን መውጣት ትፈልጋለች። ካህናቷ፣ ሰላዮቿ፣ የተሰረቁት ቅርሶች ሁሉ ወዴት እንደሚያመሩ ወዲያው ይገባችኋል። በ2014 የወጣው የቲያማት ጀብዱም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። አምልኮተኞቿ አምስት የዘንዶ ጭምብሎችን ሰብስበው ከሲኦል ሊያወጧት ይሞክራሉ።

ባሃሙትስ የት ይኖራል?

የመጀመሪያው መልስ ግጥም ይመስላል፦ «ከምሥራቅ ነፋስ ጀርባ»። በ1977 የተሰጠው አድራሻ ይህ ነበር። በኋላ ቤተ መንግሥቱ የሴለስቲያ ተራራ ላይ ተቀመጠ፤ ግን አንድ ቦታ አልረጋም። በነፋስ እየተወሰደ በታችኞቹ አራት እርከኖች መካከል ይዘዋወራል። ሉኒያ፣ ሜርኩሪያ፣ ቬንያ፣ ሶላኒያ።

ሉኒያን ትንሽ ልግለጻት፤ የመጀመሪያዋ እርከን ስለሆነች ተጓዦች ብዙ ጊዜ የሚደርሱት እዚያ ነው። ሁልጊዜ ሌሊት ነው፤ ሰማዩ በከዋክብት የተሞላ ነው። ከታች የብር መልክ ያለው ባሕር ተዘርግቷል። ውኃው የተቀደሰ ውኃ ነው። ቫምፓየር ተሸክማችሁ ብትሄዱ ዋና ባታስተምሩት ይሻላል።

ባሃሙት ቤቱ ተቀምጦ የሚጠብቅ አይደለም። ሽማግሌ መስሎ በሰው ዓለም ይዞራል። አብረውት ሰባት የካናሪ ወፎች አሉ። ወፎቹ ጥንታውያን የወርቅ ዘንዶዎች ናቸው፤ እነሱም ተመስለው ነው። ቲያማት መውጣት አትችልም፣ እሱ ደግሞ አይቀመጥም። የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ስሞቹ ከእውነተኛ አፈ ታሪክ ነው የመጡት?

አዎ፣ ግን ከስሙ ሌላ ብዙ አልመጣም።

ቲያማት በባቢሎናውያን የፍጥረት ታሪክ የጨው ባሕር ናት። የአማልክት እናት ናት። ማርዱክ ይገድላታል፤ ገላዋን ለሁለት ሰንጥቆ ሰማይና ምድርን ይሠራበታል። አምስት ባለ ቀለም ራሶች የጨዋታው ፈጠራ ናቸው። ባሃሙት ደግሞ በዐረብ የጥንት ተረኮች ምድርን ከተሸከመው በሬ ሥር ያለ ግዙፍ ዓሣ ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ ከሚነሳው ብሄሞት ጋርም ስሙ ይያያዛል። ፕላቲነምም፣ ክንፍም የለውም።

ሁለቱ በጥንቱ አፈ ታሪክ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ወንድምና እህት ያደረጋቸው ጨዋታው ነው።

አዮ ሞቷል ወይስ በሕይወት አለ?

እዚህም እትም ይወስናል።

በ2ኛውና በ3ኛው እትም አዮ በሕይወት አለ። የየትኛውም ወገን አይደለም። ሁሉንም ዓይነት ዘንዶ ፈጥሯል፤ ደጉንም ክፉውንም እኩል ያያል። ከጨዋታው ዓለሞች አንዱ በሆነው በፎርጎትን ሪልምስ አስጎራት በሚል ስም ይታወቃል። ለጨዋታ ግን ትንሽ ያስቸግራል። ሁሉን የሚቀበል አምላክ ከማንም ጋር አይጣላም፤ ጠብ ከሌለ ደግሞ ታሪኩ ከምን ይነሳል?

በ2008 የወጣው 4ኛው እትም ይህ የገባው ይመስላል። አዮን ገደለው። በአማልክትና በጥንታውያን የፍጥረት ኃይሎች መካከል ጦርነት ነበር። ከእነዚያ ኃይሎች አንዱ፣ የሽብር ንጉሥ የሚባለው ኤሬክ ሁስ፣ አዮን በመጥረቢያ ከራሱ እስከ ጅራቱ ለሁለት ሰነጠቀው። ሁለቱ ግማሾች ግን ተነሱ። አንደኛው ባሃሙት ሆነ፣ ሌላኛዋ ቲያማት። ተባብረው ገዳዩን ገደሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተጣሉ። ከፈሰሰው የአዮ ደም ድራጎንቦርን የሚባሉት የዘንዶ ዘሮች ተወለዱ የሚል ትረካም አለ።

የባቢሎኗን ቲያማት ካስታወሳችሁ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ገላ እዚህም መጥቷል። ለእኔ ከሁሉም እትሞች ይህኛው ትረካ ይበልጣል። ሁለቱ ለምን እንደሚጠላሉና ለምን ሊለያዩ እንደማይችሉ ባንድ ምት ያስረዳል።

በዚሁ እትም ታላቁ መንኮራኩር ተነስቶ ሌላ ሥርዓት ተተካ። አማልክት በአስትራል ባሕር ላይ በሚንሳፈፉ ግዛቶች ይኖራሉ። ባሃሙት ሴለስቲያን ከሌሎቹ አማልክት ከሞራዲንና ከኮርድ ጋር ተካፈለ። ቲያማት ደግሞ ታይቴሪዮን ወደሚባል የማያልቅ ጨለማ ተዛወረች፤ ጎረቤቷ የእባቦች አምላክ ዜሂር ነው። በ5ኛው እትም መንኮራኩሩ ተመለሰ፤ እሷም ወደ አቬርነስ ተመለሰች።

5ኛው እትም ስለ አፈጣጠራቸው ምን ይላል?

በ2021 የወጣው የዘንዶዎች መጽሐፍ ሌላ ታሪክ አመጣ። ባሃሙትና ቲያማት አብረው አንድ «የመጀመሪያ ዓለም» ፈጠሩ። ጠላቶች አልነበሩም። ሳርዲዮር የሚባለውን የሩቢ ዘንዶ ሠሩ፤ በእሱም እገዛ ሌሎቹን ዘንዶዎች። ከዚያ ሌሎች አማልክት የራሳቸውን ሕዝብ ይዘው መጡ። ባሃሙት ከመጤዎቹ ጋር ታረቀ። ቲያማት እምቢ አለች። የመጀመሪያው ዓለም ተሰባብሮ ዛሬ ያሉት ብዙ ዓለሞች ከስብርባሪው ወጡ።

በዚህ ትረካ ዘንዶዎች ባለአገር ናቸው፤ ሰው፣ ኤልፍና ድዋርፍ መጤ ናቸው። ቲያማትም ድንገት የሚገባ ቅሬታ አገኘች። ክፋቷን አያጥበውም፤ ግን ካህኗ ቆሞ ሲሰብክ ሰሚ እንዲያገኝ ያደርጋል።

ሳርዲዮር ራሱ አዲስ አይደለም። በ1980 ገለልተኛ ከሆኑት የዕንቁ ዘንዶዎች ጋር ቀርቦ ነበር። ያኔ ቤቱ የሚበር የሩቢ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ሁልጊዜ ሌሊት ባለበት የምድር ገጽ ላይ ብቻ ይንሳፈፋል፣ ንጋት አይደርስበትም። አድራሻ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

ሌሎች የዘንዶ አማልክት አሉ?

ብዙ አሉ። አብዛኞቹ ግን ስም ብቻ ናቸው፤ ጠረጴዛ ላይ እምብዛም አይመጡም። ሌንዲስ ፍርድን፣ ታማራ ምሕረትን ይይዛሉ። አስቲላቦር የሀብት ክምችት አምላክ ናት። ጋሪክስ እሳትና ጥፋት ነው። አስቴሪኒያን የአዮ መልእክተኛ ናት፤ ቀልድና አዲስ ፈጠራ ትወዳለች። ፋላዙር የመበስበስና የሙት ዘንዶዎች ጌታ ነው፤ ቤቱም ካርሴሪ ነው፣ የእስር ቤቶች ዓለም።

ከእነዚህ ውስጥ ችላ መባል የሌለበት ክሮኔፕሲስ ነው። የዕጣ ፈንታና የሞት አምላክ ነው። መኖሪያው መሃል ላይ ባለው አውትላንድስ ነው። ግዙፍ ዋሻ ውስጥ ነው የሚኖረው። ዋሻው በአሸዋ ሰዓቶች የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ሰዓት የአንድ ዘንዶ ዕድሜ ነው። እሱ ያያል እንጂ አይነካም።

ተጫዋቾቻችሁ አንድ ጥንታዊ ዘንዶ ሊገድሉ አቅም ካነሳቸው ወደዚህ ዋሻ ላኳቸው። ሰዓቱን ያገኙታል። ሊሰብሩት ይችላሉ? ቢገለብጡትስ? ክሮኔፕሲስ ዝም ብሎ እያያቸው ነው። እንዲህ ያለ ምሽት ሳይዋጉም ያልፋል።

ዘንዶዎች ራሳቸው ያመልካሉ?

ብዙዎቹ አያመልኩም። አንድ ቀይ ዘንዶ ሺህ ዓመት ኖሮ፣ ተራራ የሚያህል ወርቅ ላይ ተኝቶ፣ ለሌላ ሰው መንበርከክ አይዋጥለትም። ቲያማትን ይፈሯታል፤ ስሟን ሲሰሙ ይጠነቀቃሉ። መጸለይ ግን ሌላ ነገር ነው። የባሃሙት ወገኖችም ቢሆኑ እንደ ታላቅ ዘመድ ያከብሩታል እንጂ ቤተ መቅደስ አይሠሩለትም።

መቅደሱን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ሰዎች፣ ድራጎንቦርኖች፣ የዘንዶ አምልኮ ማኅበራት። ስለዚህ ክለሪክ (ካህን) ወይም ፓላዲን (ቅዱስ ተዋጊ) ሆናችሁ ባሃሙትን ብትከተሉ፣ የመጀመሪያው የብር ዘንዶ «ወንድሜ!» ብሎ ያቅፈኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

ታኪሲስና ቲያማት አንድ ናቸው?

ታኪሲስ በ1984 የተጀመረው፣ ድራጎንላንስ የሚባለው ሌላ የጨዋታው ዓለም የጨለማ ንግሥት ናት። እሷም አምስት ራስ አላት። ተቃዋሚዋ ፓላዳይን የተባለው የፕላቲነም ዘንዶ ነው። የጨዋታ ደራሲው ጄፍ ግሩብ የራሱን ካምፔይን አማልክት ሲሠራ ከቲያማትና ከባሃሙት ተነስቷል፤ እነዚያ አማልክት ናቸው ወደ ድራጎንላንስ የገቡት። ዝምድናው ስለዚህ የታወቀ ነው።

በታሪኩ ውስጥ ግን ይለያያሉ። ታኪሲስ የዓለሟ ትልቋ ክፉ አምላክ ናት። ከሰው ዓለም ተባርራ አቢስ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ማንም ገዢ ጎረቤት የላትም። ቲያማት ደግሞ በሲኦል ፖለቲካ ውስጥ አንዷ ናት። አንድ ብታደርጓቸው የሚከለክላችሁ የለም። እኔ ለይቼ ነው የምይዛቸው።

ኤበሮን ውስጥስ?

ኪት ቤከር የፈጠረው ኤበሮን የሚባል የጨዋታው ዓለም በ2004 ሲወጣ ነገሩን ገለበጠው። እዚያ ዘንዶዎቹ የዓለም ነዋሪዎች አይደሉም፤ ዓለሙ ራሱ ናቸው። ሦስት ቀዳማዊ ዘንዶዎች ነበሩ። ካይበር ሲበሪስን ገድላ በጣጠሰችው። ኤበሮን ካይበርን ጠምጥማ አሰረቻትና ምድር ሆነች። ከላይ የሚታየው የቀለበት ብርሃን የሲበሪስ ገላ ነው። ከምድር በታች ያለው ጥልቅ ካይበር ነው። የተፈጠረው ሁሉ የሚኖረው በሦስቱ ላይ ነው።

ቲያማት እዚህ አምላክ አይደለችም። ከካይበር የወጣች ኃያል ክፉ መንፈስ ናት፤ የዘንዶዎች አህጉር በሆነው በአርጎኔሰን ውስጥ በጉድጓድ ታስራ ትኖራለች። እንደገና እስረኛ። ይህ ድግግሞሽ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ፓዝፋይንደር የምንጫወትስ?

ፓዝፋይንደር ከዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተነሳ ሌላ ጨዋታ ነው። እዚያ አፕሱና ዳሃክ የሚባሉ የዘንዶ አማልክት አሉ። አፕሱ ደጉ አባት ነው፤ ዳሃክ አጥፊው ልጅ። ስማቸው ከጥንት ነው። በባቢሎን ትረካ አፕሱ የጣፋጭ ውኃ ጌታና የቲያማት ባል ነው። ዳሃክ ደግሞ ከፋርስ ባለ ሦስት ራሱ አዢ ዳሃካ ይወርሳል። የአፕሱ ግዛት ተንቀሳቃሽ ነው፤ በዚህ ከባሃሙት ጋር ይመሳሰላል።

በ2023 በተከለሰው እትም ባለ ቀለምና ባለ ብረት የሚለው ክፍፍል ቀርቷል። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የአጠቃቀም ፈቃድ ውዝግብ ያመጣው ለውጥ ነው። ዘንዶዎቹ አሁን በአስማት ዓይነት ነው የሚመደቡት።

ቲያማትን መግደል ይቻላል?

ቁጥሩን ላስቀድም። በ1977 128 የሕይወት ነጥብ (ስንት ጉዳት እንደምትችል የሚለካ ቁጥር) ነበራት። በ2014ቱ ጀብዱ 615 ሆነ፤ በዚያ ላይ ዝቅ ያለ ድግምት አይነካትም፣ ቁስሏም በየተራው ይጠግጋል። የጨዋታው ከፍተኛው የፈተና ደረጃ 30 ተሰጥቷታል። ጠንካራ ቡድን በጥሩ ቀን ያሸንፋታል።

ግን ማሸነፍ መግደል አይደለም። ከሲኦል ውጭ ስትወድቅ ገላዋ ይፈርሳል እንጂ መንፈሷ ወደ አቬርነስ ይመለሳል። ለተወሰነ ጊዜ አካል መልበስ አትችልም፤ ከዚያ እንደገና መጠበቅ ነው። ተጫዋቾች በዚህ ሲበሳጩ አይቻለሁ። «እና የደከምነው ለምን ነበር?» ይላሉ። ለጊዜ ነው። ሦስት ትውልድ በሰላም ማሳደር ትንሽ ነገር አይደለም።

እስከ መጨረሻው ልትገድሏት ከፈለጋችሁ ቤቷ ድረስ መሄድ አለባችሁ። እዚያ ደግሞ አቢሻዮቹ አሉ፣ የዛሪየል ሠራዊት አለ፣ ሰማዩም እሳት ያዘንባል። ከተሳካላችሁ አንድ ነገር አስቡ። በጨዋታው የሞቱ አማልክት ሬሳ ድንጋይ ሆኖ በአስትራል ዓለም ይንሳፈፋል። የጊትያንኪዎች ዋና ከተማ ቱናራት የተሠራችው በእንዲህ ያለ ሬሳ ላይ ነው። ባለ አምስት ራስ ሬሳ ላይ ማን ከተማ ይሠራል?

ወደ እነዚህ ዓለሞች እንዴት ይኬዳል?

የተለመደው ፕሌን ሺፍት የሚባለው 7ኛ ደረጃ ድግምት ነው። ድግምቱን የሚያደርገው ሰው ሌሎች ስምንት ፈቃደኞችን ይዞ መሄድ ይችላል። ለሚሄድበት ዓለም የተቃኘ፣ 250 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ ባለ ሁለት ጣት የብረት ዘንግ ያስፈልጋል። ዲኤሞች ይህን ዘንግ ዘልለው ያልፉታል፤ ያሳዝነኛል። የአቬርነስ ዘንግ ማን ይሸጣል? እሱን መፈለግ ራሱ አንድ ጀብዱ ነው።

ድግምት ካልደረሳችሁ አውትላንድስ አለ። በዳርቻው የበር ከተሞች ተደርድረዋል። ሪብኬጅ ወደ ዘጠኙ ሲኦሎች ያስገባል፤ ኤክሴልሲዮር ወደ ሴለስቲያ። ሲጊል የምትባለው የበሮች ከተማም አለች። ሲጊልን የምትጠብቀው የሕመም እመቤት ማንኛውንም አምላክ ደጇን አታስረግጥም። ቲያማት እያሳደደቻችሁ ከሆነ እዚያ ትድናላችሁ። ከእሷ ብቻ ነው እንጂ ካህናቷ ግን በበሩ እንደማንም ይገባሉ።

ለካምፔይኔ የትኛውን ታሪክ ልምረጥ?

አንዱን ያዙና ለተጫዋቾቹ ንገሯቸው፤ በተለይ መጽሐፉን ሁሉ ያነበበ ሰው ካለ። ሌላ መንገድም አለ፦ ሁሉም ትረካዎች በዓለማችሁ ውስጥ በተለያዩ ሃይማኖተኞች ይነገሩ። የባሃሙት ካህን አዮ ተሰንጥቆ ሞተ ይላል። የአዮ ተከታይ ውሸት ነው ይላል። የቲያማት ሰባኪ ስለ መጀመሪያው ዓለም ያለቅሳል። ማን ልክ እንደሆነ እናንተም መወሰን የለባችሁም።

የራሳችሁን አምላክ ከፈጠራችሁ ከቤቱ ጀምሩ። ከዚያ ማን ጎረቤቱ እንደሆነ፣ መውጣት ይችል እንደሆነና ወደ እሱ መግባት ምን እንደሚያስከፍል ጻፉ። ስሙና ቀለሙ በኋላ ይደርሳሉ።

ይሄ ጣዖት አምልኮ አይደለም?

አይደለም። ልብ ወለድ ነው። ማንም ጠረጴዛው ላይ አይጸልይም፤ ዳይስ ይጥላል። ጭንቀቱ ግን አዲስ አይደለም። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጨዋታው ላይ ትልቅ ጩኸት ተነስቶ ነበር። በ1989 የጀመረው 2ኛው እትም ዲያብሎስና ጋኔን የሚሉትን ስሞች በባቴዙና በታናሪ የተካው በዚያ ምክንያት ነው። ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ካልተመቸው አማልክቱን ጥንታዊ ዘንዶዎች አድርጉና ቀጥሉ፤ ሕጉ አይጎድልም።

ገና 1ኛ ደረጃ ላይ ነን። ይሄ ሁሉ ምን ይጠቅመናል?

ቲያማትን እስክታገኟት ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ አሻራዋን ግን ዛሬ ማግኘት ትችላላችሁ። መንገድ ዳር ሰባት ቢጫ ወፎች ይዞ የተቀመጠ ሽማግሌ አስቀምጡ፤ ውኃ ይጠይቃቸው፣ ሌላ ምንም አይበል። የዘራፊዎቹ ሰፈር ውስጥ ከአምስቱ ቀለሞች አራቱ የተቀቡበት ግድግዳ ይታይ። ከሞተው አለቃቸው ከረጢት ውስጥ ደግሞ ባለ ሁለት ጣት የብረት ዘንግ ይውጣ። ለየት ያለ ድምፅ አለው፤ ሲነካ ይጮኻል። ለየትኛው ዓለም እንደተቃኘ ገና አትንገሯቸው፤ ይሸጡት እንደሆነ ወይም ይዘውት እንደሚዞሩ እነሱ ይወስኑ።